የተበየደው ሳይክል

ሸዋዓለም ሳይክል መንዳት የተማረችው በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት ከሆነች በኋላ ነው። የምትሠራበት የክር ፋብሪካ ከቤቷ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ በእነሱ ሰፈር አያልፍም፤ ለባጃጅ በየቀኑ ልክፈል ብትል ደግሞ ደመወዟ አይበቃም። ስለዚህ ዕቁቧ ሲደርሳት ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥታ አዲስ ሳይክል ገዛች። ባሏ ስማቸው ሦስት እሑድ ሙሉ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ሜዳ ለሜዳ አብሯት ሮጠ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ይስቃል። በአራተኛው እሑድ ስማቸው ሳይነግራት ኮርቻውን ለቀቀ፤ ብቻዋን እየነዳች ሄደች።

ፋብሪካ በሳይክል መመላለስ ከጀመረች በሃያኛው ቀን፣ ከጠዋት ፈረቃ ስትመለስ፣ ወደ ቦርከና ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ከአንገቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጎማው ለብቻው ተንከባሎ ሄደ። እሷ በመሪው ላይ ተወርውራ በቀኝ እጇ ወደቀች። መኪና አልገጫት፣ ድንጋይ አላደናቀፋት። ሊያነሷት የሮጡት ሰዎች እንኳ ብረቱን እያገላበጡ “ምን ነካው?” ይሉ ነበር።

የእጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ኖሮ ጄሶ ታሰረላት። የሸዋዓለም ሥራ የተበጠሰ ክር ፈልጎ መቀጠል ነው፤ እንጀራዋ በጣቷ ነው። ሕመሙ ትንሽ ጋብ ሲልላት እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ደረሰኟን ይዛ፣ ደሴ ወደ ገዛችበት ሱቅ ሄደች።

ባለሱቁ ሐጂ አብዱልሰላም ስልሳን የዘለሉ፣ ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ጄሶውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

“ያ አላህ! ምን አገኘሽ ልጄ? ነይ ተቀመጭ፣ አብሽሪ።”

ወንበር ሰጧት፣ ውኃ አስቀዱላት፣ ነገሩን ሳያቋርጡ አዳመጧት። ስትጨርስ ጢማቸውን ዳበሱ።

“ወላሂ አዝኛለሁ” አሉ። “ግን እኔ አልሠራሁት። አስመጪው ከአዲስ አበባ በካርቶን ይልክልኛል፣ እኔ ገጣጥሜ እሸጣለሁ። ነገ ብነግረው ጉድጓድ ገብታ ነው፣ ሰው ጭናበት ነው ይለኛል። ምን ብዬ እመልስለታለሁ?”

“ሐጂ፣ እኔ አስመጪውን የት አውቀዋለሁ? የማውቀው እርስዎን ነው።”

ሐጂ ደረሰኙን ከእጇ ተቀበሉ። ደረሰኙ ግርጌ ላይ የታተመውን “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለውን መስመር በጣታቸው አሳዩዋት፤ ሲያሳዩዋት ራሳቸውም ያፈሩ ይመስሉ ነበር።

ከሱቁ ወጥታ፣ ሰው ጠይቃ፣ የሸማቾችን አቤቱታ ወደሚቀበለው ቢሮ ሄደች። ያነጋገረቻት ኢንሻራህ የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ደረሰኙን አንብባ ፈገግ አለች።

“ይቺ ጽሑፍ ሕግ አትሆንም። ዕቃው ከነጉድለቱ የተሸጠልሽ ከሆነ ገንዘብሽን ማስመለስ ትችያለሽ። የሕክምናውንም፣ ሥራ የፈታሽበትንም መጠየቅ ትችያለሽ። የስብራቱን ፎቶ አንስተሽዋል?”

“ስልኬ ባለ ቁልፍ ናት፣ ካሜራ የላትም።”

“ግድ የለም። ሐሙስ ሳይክሉን እንዳለ አምጪው። ባለሙያ አስጠርቼ አሳየዋለሁ። ብረቱ ከመጀመሪያው ችግር ካለበት ስብራቱ ላይ ይታወቃል።”

ሸዋዓለም ከወደቀች ወዲህ ደስ ብሏት የዋለችው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ በአጠገቧ ለተቀመጠችው ለማታውቃት ሴት ታሪኳን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጫወተቻት። “መብት አለኝ አሉ” አለቻት።

ቤት ስትደርስ ስማቸው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል። ልጆቹ ከኋላው ይንሾካሾካሉ። ገለል ሲሉ ሳይክሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሁለት ጎማ ያለው፣ ሙሉ፣ አንገቱ ላይ ትኩስ ቀይ ቀለም የተቀባ።

“እጅሽ ሲድን ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቅሽ ብዬ ነው” አለ ስማቸው። “አስበየድኩት። በያጁ ስብራቱን ሞርዶ፣ አለስልሶ፣ ወፍራም ብረት ጨመረበት። ከእንግዲህ ቢገጩትም አይሰበር። ሒሳቡን በጉልበቴ ነው የከፈልኩት፤ ሁለት ቀን ብረት ተሸከምኩለት።”

ሸዋዓለም ወደ ትከሻው አየች። ሸሚዙ ተቀዷል፤ ከሥሩ ቆዳው ተልጧል። አፏን ከፈተች፤ ግን የወጣው “እጅህ ይባረክ” የሚል ብቻ ነበር። ቢሮው ስብራቱን ሊያይ እንደነበረ የነገረችው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ስማቸው አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲፈታ፣ ሲያስር፣ መልሶ ሲፈታ ቆየ።

ሐሙስ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ አስጭነው አብረው ደሴ ወጡ። ቢሮው የጠራው ባለሙያ ሳይክሉን አጋድሞ ብየዳውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

“ስብራቱ የታለ?”

“እዚሁ ውስጥ” አለች ሸዋዓለም።

“እኔ የማየው የበያጅ ሥራ ነው፤ የድሮው ብረት ተሞርዶ አልቋል። ውሸታም ናት አላልኩም። ግን ሲሠራ ጉድለት ነበረበት ብዬ በምን አይቼ ልፈርም?”

ስማቸው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ኢንሻራህ ጠጋ አለ።

“እኔ ነኝ ያስበየድኩት፣ እህቴ። እሷ አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔን ቅጡኝና ለእሷ ፍረዱላት።”

“ወንድሜ፣ እዚህ ማንም አይቀጣም” አለች ኢንሻራህ። ድምፅዋ ቀጠነ። “ፍርድ ቤት ሂዱ ብላችሁም ማስረጃ ነው የሚጠይቋችሁ።” መዝገቡን ግን ቶሎ አልዘጋችውም። ስልኳን አንስታ ሐጂ ዘንድ ደወለች፤ ብዙ ለመነቻቸው። ስትጨርስ “አዲስ ሹካ በነጻ እሰጣለሁ ብለዋል። ከዚህ በላይ ላስገድዳቸው አልችልም” አለቻቸው።

ሱቁ ሲደርሱ ሐጂ ሹካውን አዘጋጅተው ጠበቋቸው። በካርቶን የተጠቀለለ፣ ያው ዓይነት፣ ከዚያው ጭነት የመጣ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት እንደ እሷ ያሉ ሳይክሎች ተደርድረዋል። አንድ ሰውዬ ሴት ልጁን፣ አሥር ዓመት የሚሆናትን፣ አንዱ ላይ አስቀምጦ የኮርቻውን ቁመት ያስተካክላል።

“ወንድሜ፣ ይሄን አትግዛላት” አለች ሸዋዓለም ሳታስበው። ጄሶዋን ከፍ አድርጋ አሳየችው። “እየነዳሁት ነው የተሰበረው። እመቤቴን እልሃለሁ፣ እየነዳሁት!”

ሐጂ አልጮኹባትም። “ልጄ፣ ከዚህ ጭነት አርባ ሸጫለሁ። ተመልሶ የመጣ ያንቺ ብቻ ነው” አሉ በዝግታ።

ሰውዬው እጇን አየ። ቀጥሎ ስማቸው የያዘውን ሳይክል ጠጋ ብሎ መረመረው።

“ይሄማ የተበየደ አይደል እንዴ?” አለ። “የተበየደ ነገር ይሰበራላ።”

ስማቸው አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ገንዘቡን ቆጠረ፤ ልጅቷ ከአባቷ ቀድማ ሳይክሉን እየገፋች ቁልቁል ሄደች። ሸዋዓለም ዓይኗን ከፊት ጎማው ሳትነቅል፣ መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር ተመለከተቻት።

“እንሂድ” አለችው ባሏን። ሹካውን በደህናው ግራ እጇም አልተቀበለችም። ስማቸው ነው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ “እግዜር ይስጥልን” ያለው።

ጄሶው ሲፈታ ሁለት ጣቶቿ አልታጠፉም። ፋብሪካው አላባረራትም፤ ከማሽኑ አንስቶ ወለል ላይ የሚወድቀውን የጥጥ ብናኝ ጠራጊ አደረጋት። ደመወዟ ቀነሰ። የአንድ ሰዓቱን መንገድ እንደገና በእግሯ ተያያዘችው።

አንድ ቀን ስማቸው ፈራ ተባ እያለ “ሹካውን ለውጠን ብንሸጠውስ? ትንሽም ቢሆን ይመልስልሽ ነበር” አላት።

“ለማን?” አለችው።

የሚያውቃቸውን ሰዎች በሐሳቡ አንድ በአንድ ሳይክሉ ላይ አስቀምጦ አያቸው። አንድም ስም ሳይጠራ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ።