ለእናቴ ያልፈታሁት ቃል

ቡታጅራ እኛ ሰፈር እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ ስልኬ ላይ በነጻ የጫንኩት፣ ያለ ዳታ የሚሠራ መዝገበ ቃላት ነው። ዲግሪ የያዙት እንኳ ሲመጡብኝ፣ "አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሩ ነበር?" እያልኩ ነው የምፈታላቸው።

ትናንት እናቴ የምርመራ ውጤቷን ይዛ ከሆስፒታል ተመለሰች።

"ሐኪሙ ቤተሰብ ይዘሽ ነይና እነግርሻለሁ አለኝ" አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ ወረቀቱን ሰጠችኝ። "ልጄ ታነበዋለች፣ ምን አመላለሰኝ አልኩት።"

ከታች የተሰመረበትን ረጅም ቃል ስልኬ ላይ ጻፍኩት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ከተነሳበት ቦታ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተ ካንሰር። አላመንኩትም። ዳታ አብርቼ ኢንተርኔት ላይ ሌላ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ በድምፅ ሊያሰማኝ ምልክት አወጣልኝ። አልነካሁትም።

"ምን ይላል?"

"ይሄ ቃል እዚህ ውስጥ የለም፣ እማ።"

በሕይወቴ ለማንም አላውቅም ብዬ አላውቅም። እናቴም ይህን ታውቃለች።

"አንቺ የማታውቂው ቃል ተገኘ?" አለች፤ በፈገግታ ጀምራው ነበር።

"ነገ አብረን ሄደን ሐኪሙን እንጠይቀዋለን።"

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ቀስ ብላ አጣጠፈችው።

"አባትሽ ሲጠይቅሽም የለም በይው" አለችኝ።