ጋሽ ባየ ፊልድ ናቸው

መምህር አካለ ወልድ የ«መጠጥ ውኃ»ን ሦስተኛ ምዕራፍ የመጀመሪያ አራት ክፍሎች ደጋግሞ ተመለከተ፤ አንድም ጊዜ አልሳቀም።

«መጠጥ ውኃ» በአንዲት ትንሽ ከተማ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለሚሠሩ ሰዎች የሚተርክ፣ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ የሚተላለፍ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። ከተማዋ ውኃ የላትም፤ ሠራተኞቹም ቀኑን ሙሉ ሲሰዳደቡ ይውላሉ፤ ስድባቸው ግን ፍቅር ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው አራቱን ክፍሎች ማስተላለፍ ጀምሮ፣ ቀሪዎቹ ከመቀረጻቸው በፊት ምዕራፉን እንዲገመግም የጠየቀው ቢቸና ላይ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምረውን አካለ ወልድን ነበር። የቀደሙትን ሁለት ምዕራፎች እጅግ ይወድ ስለነበር ሥራውን ሳያቅማማ ተቀበለ።

የድራማው ደራሲና አዘጋጅ እስከዳር ቅዳሜ ጠዋት ግምገማውን ለመስማት ቤቱ መጣች።

«ጋሼ፣ ፊትዎን አይቼ ውጤቴን አወቅሁት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ደግነቱ ፊትዎ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«ተቀመጪ። በመጀመሪያ ስለ መልካሙ ጎን ልናገር።»

«መልካሙን ይተዉት። እሱን ሌላ ሰው ይነግረኛል።»

«ሰዎችሽ ጨዋ ሆነዋል» አላት። «ገንዘብ ያዧ ቆጣሪ አንባቢውን ‹አንተ የደረቀ ቧንቧ› ስትለው ነበር እንደምትወደው የማውቀው። አሁን ‹እባክህ ወንድሜ› ትለዋለች። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ በሽተኛ የተኛበት ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ምክንያቱን አንቺም እኔም እናውቀዋለን።»

ምክንያቱ የጋሽ ባየ ወንበር ነበር። ጋሽ ባየ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ባለጉዳይ ማንንም ቢጠይቅ፣ የተጠየቀው ሰው ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ እግሩ እየታየ እንኳ፣ «ፊልድ ናቸው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ከድራማው ወጥቶ የአገሩ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ነበር፤ በቢቸና የከብት ገበያ በሬው የጠፋበት ገበሬ ሳይቀር «ፊልድ ነው» ይል ነበር። ጋሽ ባየን ሆኖ የሚጫወተው ስጦታው ግን በጥር ወር በጉበት ሕመም ሞተ፤ በሚኖርበት በቢቸናም ተቀበረ። በሦስተኛው ምዕራፍ ወንበሩ ባዶ ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ባየ ፊልድ ናቸው» ይላሉ።

«ሞተዋል በሉ» አለ አካለ ወልድ። «ስጦታው እንደ ሞተ ተመልካቹ ያውቃል፤ እናንተ ግን መርዶውን አልነገራችሁትም። ያላለቀሰ ሰው እንዴት ይሳቅላችሁ? በአምስተኛው ክፍል ጋሽ ባየ ይሙቱ፤ ይለቀስላቸው። ከዚያ በኋላ ሰዎችሽ እንደ ቀድሞው ይሰዳደባሉ።»

እስከዳር የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች።

«መርዶው የሚደርሳቸው ሰው አሉ፣ ጋሼ። እናቱ አልሰሙም።»

«የማን እናት?»

«የስጦታው። ሞጣ ናቸው። ልባቸው ሕመምተኛ ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህም ከቤት አይወጡም። እኅቱ የሺእመቤት እንዳንናገር ለመነችን። ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም ተብለዋል። እሑድ ድራማው ሲከፈት እኛም ያንኑ እንላለን። እሳቸውም ያምናሉ።»

አካለ ወልድ ግምገማውን የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ነገ እንሂድ» አለ።

በማግሥቱ በጉንደ ወይን በኩል አድርገው ሞጣ ገቡ። የሺእመቤት መናኸሪያ ድረስ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ከእናቷ አጥር ሲደርሱ ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ከቅጠሉ መካከል ሸሸገችና ከቦርሳዋ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ አውጥታ ለበሰች። እጇ ሥራውን ለምዶት ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«የስጦታው ባልደረቦች ናቸው፣ እማዬ።»

አሮጊቷ አካለ ወልድን ትኩር ብለው አዩት። «አንቱም ያስቃሉ እንዴ? ፊትዎ ላይ እኮ ሁዳዴ ገና አልተፈታም።»

«እኔ ገምጋሚ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱስ ያስታውቃሉ።»

እስከዳር ሳቀች። ጥቂት እንደቆዩም ድራማው ጀመረ። አንዲት ባለጉዳይ ወደ ንብረት ክፍሉ ዘልቃ ባዶውን ወንበር አየችና ጋሽ ባየን ጠየቀች። ቆጣሪ አንባቢው «ፊልድ ናቸው» አላት። አካለ ወልድ እናትየው ፈገግ ይላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ዝጊው! ፊልድ! ለፋሲካ የማያስመጣ፣ ስልክ የማያስመታ፣ ምን ዓይነት ፊልድ ነው? ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ሰው አይላክም? የጎረቤቴ ልጅ ከጠረፍ ሆኖ ሰው ይልክባታል። እኔ ወርቅ አምጣ አላልሁት፤ ‹እንደምን ዋልሽ› በለኝ ነው ያልሁት።»

«እማዬ፣ በቃ አሁን…»

«በቅቶኛልማ! ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። የሞትሁ ቀን አፈሬን እንዳይነካ። ወንድ ልጅ የለኝም ብያለሁ።»

የሺእመቤት ቴሌቪዥኑን ዘጋች። ይህን ቃል እርሷም አልሰማችም ነበር።

ውጭ ሲወጡ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። «በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣ ነበር። ጥፍሯን እንኳ የሚቆርጥላት እሱ ነበር» አለች።

«ሞቱን ደበቃችኋቸው፤ በምትኩ ግን ልጃቸው እንደ ካዳቸው ነገራችኋቸው» አለ አካለ ወልድ።

«እኔ እንዲህ አላልኋትም!»

«አላልሽም። እንዲያው ሌላ የሚያስቡት ነገር አልተውሽላቸውም።»

«ብነግራትና ልቧ ቢቆምስ? እርስዎ ይመልሱልኛል?»

«አልመልስም። አይቆምም ብዬም ቃል አልገባልሽም።»

«ታዲያ ምን ይዘው ነው ንገሪ የሚሉኝ?»

«ምንም አልያዝሁም። ልባቸው ግን ዛሬ፣ በዚህ ቂም ላይ ሳሉ ቢቆምስ?»

የሺእመቤት ጥቁሩን ነጠላ ከቅጠሉ መካከል አወጣችና ጭኗ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየች። ከዚያም ተነሥታ ወደ እናቷ ንስሐ አባት ወደ አባ ወልደ ሰንበት ቤት ሄደች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ አባ ወልደ ሰንበት፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች ተሰብስበው ገቡ። አካለ ወልድና እስከዳር ከበሩ አጠገብ ቆሙ። የሺእመቤት ጥቁር ነጠላዋን እንደ ለበሰች ከሁሉም ኋላ ገባች፤ ወይዘሮ ፀሐይነሽ አስቀድመው ያዩት ግን ያን ነጠላ ነበር።

«ማን ነው?» አሉ።

አባ ወልደ ሰንበት ነገሯቸው።

«መቼ?»

«በጥር።»

«ከፋሲካ በፊት?»

«ከፋሲካ በፊት ነው፣ ልጄ።»

አሮጊቷ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆዩ፤ ወራቱን የሚያስቡ ይመስሉ ነበር። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ውጠው ጠበቁ።

«እንግዲያስ መምጣት አልቻለም» አሉ ቀስ ብለው። «አልቻለም እኮ! እኔ ልጅ የለኝም ስል እሱ አፈር ለብሶ ነበር።» ከዚያ የቄሱን እጅ ያዙ። «አባ፣ እርስዎ እያወቁ ነው የሰሙኝ?»

አባ ወልደ ሰንበት አንገታቸውን ደፉ።

«ያን ቃል ያንሡልኝ። አሁኑኑ፣ ሳላለቅስ ያንሡልኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ጸሎቱ ሲያበቃ ወይዘሮ ፀሐይነሽ የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ፤ ቤቱም አብሯቸው ጮኸ። እስከዳር በሩን ተደግፋ አለቀሰች። የሺእመቤት ልትደግፋቸው ወደ አልጋው ስትቀርብ እናቷ እጇን ገፉት።

ጋሽ ባየ በአምስተኛው ክፍል ሞቱ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ አላዩትም፤ ከየሺእመቤት ጋርም እስከ ሰኔ ድረስ አልተነጋገሩም። የስጦታው ተዝካር በሐምሌ መጨረሻ ሞጣ ወጣ። የ«መጠጥ ውኃ» አራተኛ ምዕራፍ አልተሠራም።