በየጠዋቱ የሚጠረገው ፋይል

ፀጋው ጠዋት ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ጥረጋ ነበር። መጥረጊያ ይዞ አይደለም፣ በጣቱ ነው። እንጅባራ ላይ በአንድ የመሬት መዝገብ ክፍል ጥግ የቆመውን፣ ዩኒክስ በሚሉት የድሮ ሥርዓት የሚሠራውን ኮምፒዩተር ይከፍትና ማሽኑ ጥሎት የሞተ ፋይል ካለ ፈልጎ ያጠፋዋል። ማሽኑ በወር ሁለት ሦስቴ በድንገት ቀጥ ይላል። ቀጥ ሲል ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም፤ በዚያች ቅጽበት በሆዱ የያዘውን ሁሉ «ኮር» በሚባል ትልቅ ፋይል ላይ ዘርግፎ ነው የሚሞት። ዲስኩ ጠባብ ነው። ያ ፋይል ካልተጠረገ አንዲት ወረቀት እንኳ ማተም አይቻልም። ስለዚህ ፀጋው አራት ዓመት ሙሉ ጠረገ። ጎበዝ ነው ተብሎ ምስጉን ሠራተኛ ሆኖም ነበር፣ ጉድ እኮ ነው!

ማሽኑን ያመጡት ፈረንጆች ፕሮጀክታቸው ሲያልቅ ፎቶ ተነስተው፣ ቁልፍ አስረክበው ሄዱ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውዬ ኢሜይሉ እንኳ አይሠራም። የመጠባበቂያ ቴፑም በዓመቱ ተበላሸ፤ ይተካ ተብሎ ስንት ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማን ሰምቶ! እንግዲህ ፀጋው ምን ያድርግ? የኮምፒዩተር ባለሙያ ተብሎ ከተቀጠረ ወዲህ ያገኘው መሣሪያ ይኸው ጥረጋው ብቻ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከአዘና መጡ። ባላቸው ይኸነው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የባላቸው ወንድም ዓለምነው ደግሞ «መሬቱ የአባቴ ነው፣ የያዘችውም የይዞታ ደብተር የሐሰት ነው» ብሎ ከሷቸዋል። ክሱ ሳያልቅ ከሦስቱ ቃዳ መሬታቸው በአንዱ ላይ ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ተክሏል፣ ድፍረቱ! ፍርድ ቤቱ የመዝገብ ክፍሉ በኮምፒዩተር ያለውን መረጃ አትሞ ይስጥ፣ ከደብተሩ ጋር ይመሳከር ብሎ አዟል። ሁለት ቀጠሮ አለፈ፤ ዓርብ የመጨረሻው ነው። ሴትዮዋ ከዚያ መሬት ሌላ የሚበሉበት የላቸውም።

ችግሩ ግን የእሳቸው መዝገብ በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ ይሞታል። ሰኞ ሞተ። ማክሰኞ ሞተ። ረቡዕ ፀጋው አማትቦ ከፈተው፣ ሞተ።

«ምነው ልጄ፣ የእኔ ስም ሲጠራ ነው እንዴ የሚያመው?» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ በፌስታል የተጠቀለለውን ደብተር ከጉያቸው ሳያወጡ።

«አይደለም እናቴ፣ እሱ እንዲሁ አመለኛ ነው። ነገ ይምጡ» አላቸው። ሲወጡ በዓይኑ ሸኛቸው። ለሚኒባስ እየከፈሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ባሕር ዳር ወዳለው የድሮ የክፍል ጓደኛው ወደ ኪዳኑ ደወለ። ኪዳኑ በእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ላይ ያረጀ ሰው ነው፣ ምላሱም አይምርም።

«ኮሩን አየኸው?» አለ ኪዳኑ ነገሩን ሰምቶ።

«አጠፋዋለሁ እንጂ ምን አየዋለሁ! ቦታ ይይዛላ።»

«አንተ ሰውዬ! አራት ዓመት ሙሉ ሬሳውን ሳትገልጥ እየቀበርክ ምን ገደለው ብለህ ትጠይቀኛለህ?»

ፀጋው አፈረ። ኪዳኑ በስልክ እየመራው መዝገቡን ከፈተው፣ ማሽኑ ሞተ፣ ፋይሉ ተወለደ። ከዚያ በትእዛዝ የሚነበበውን ፊደል ብቻ አስለቀመው። ከብዙ ኮተት መካከል ብቅ አለ፦ ይኸነው፣ ዘውድነሽ፣ አዘና፣ ሦስት ቃዳ። ቀጥሎም የተመዘገበበት ቀን፦ ጳጉሜ 6፣ 1999።

የሚሊኒየሙ ዋዜማ! ያን ዕለት ቢሮው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ሠርቶ ሰው ሁሉ ለበዓል ሲበተን፣ አስራ አንድ አባወራ ብቻ ነበር የተመዘገበው። ፕሮግራሙን የጻፈው ፈረንጅ ደግሞ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት ብለው የነገሩት ይመስላል፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን የነገረው የለም። ማሽኑ ስድስተኛዋን ቀን ሲያይ የሚያደርገው ይጠፋውና ይሞታል። አራት ዓመት ሙሉ የሞተው በእነዚያ አስራ አንድ መዝገቦች ነው። ወይ አለማወቅ!

«ፕሮግራሙን ማስተካከል በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም» አለ ኪዳኑ። «ቸኩለህ ከሆነ የመረጃ ፋይሉን በቀጥታ ክፈትና ስድስቱን አምስት አድርገው፣ ይከፈትልሃል። ግን ስማኝ ፀጋው፣ ኮሩን እንዳትነካው። የለወጥከውንም ጽፈህ አለቃህን አስፈርም። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

ሰምቷል፣ እንዴት አይሰማ! ግን አለቃው ለስብሰባ ዳንግላ ናቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ደግሞስ «ማን ንካ አለህ?» ቢሉትስ? በኋላ አስፈርማለሁ አለ። ስድስቱን አምስት አደረገው፤ እጁ ከገባ አይቀር ብሎ አስራ አንዱንም አስተካከለ። መዝገቡን ከፈተ። ማሽኑ አልሞተም! ፀጋው ብቻውን አጨበጨበ። ከዚያ አትም ሲለው «ቦታ የለም» አለ። ኮሩ ዲስኩን ሞልቶታል። ወደ ሌላ እንዳይገለብጠው ያ ማሽን ፍላሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይዘሮ ዘውድነሽ በር ላይ ቆመዋል፣ መዝገብ ቤት ያለችው ሶስና ማህተሟን ቆልፋ ልትወጣ ነው። ጣቱ አራት ዓመት የለመደውን ሥራ ሠራ። ጠረገው።

ወረቀቱ ወጣ፣ ሶስና ማህተሟን አሳረፈችበት።

«እናቴ፣ ቀኑን በአንድ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ማሽኑ ስድስትን አልወደደም» አላቸው።

«እናንተ የተማራችሁት ታውቁበታላችሁ» አሉና ወረቀቱን ስመው ከደብተሩ ጋር ጠቀለሉት። «ነገ አብረኸኝ ብትቆም ምን አለበት? ልቤ እንዲጸና።»

እሺ አላቸው። ዓርብ በሦስት ሰዓት ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ደረቱን ነፍቶ። የዓለምነው ጠበቃ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ትንሽ አያቸውና ፈገግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደብተሩ ጳጉሜ ስድስት ይላል፣ ቢሮው ጳጉሜ አምስት ይላል። ደብተሩ የሐሰት ነው ያልነው ለዚህ ነው።»

«ኧረ በእግዜር!» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «የሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው የተቀበልነው! ይኸነው በግ እየጎተተ፣ እኔ ደብተሩን ይዤ ነው የገባነው!»

ፀጋው ሳይጠራ ተነሳ። ሁሉንም ተናገረ፦ ፈረንጁን፣ ስድስተኛዋን ቀን፣ በእጁ የለወጠውን።

ዳኛዋ በትዕግስት ሰሙት። «ስለዚህ ይህ መረጃ በእጅ የተነካ ነው።»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ወደ ነበረበት መልሰህ አትመህ ማምጣት ትችላለህ?»

«ከመለስኩት ማሽኑ ይሞታል።»

«የለወጥክበት ቃለ ጉባኤ አለ?»

«የለም።»

«ከመነካቱ በፊት የነበረውን የሚያሳይ ሌላ ማናቸውም ነገር የለም?»

ነበረ! የባልና ሚስቱ ስም፣ ሦስቱ ቃዳ፣ ጳጉሜ ስድስት፣ ሁሉም ተጽፎበት ነበረ። በዓይኑ አንብቦታል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አንድ ፋይል ነበረ። ትናንት አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ሁልጊዜ ስለማጠፋው» አለ ፀጋው።

ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። የተነካው መረጃ ማስረጃ አይሆንም ተባለ፣ ደብተሩም የሚመሳከርበት ስለሌለ ውድቅ ሆነ። መሬቱ ለዓለምነው ተፈረደ። ይግባኝ ማለት መብት ነው ተብሎ ተነበበላቸው። በየትኛው ወረቀት ይግባኝ ይሉ?

ውጭ ካፊያ ጀምሯል። ፀጋው ይቅርታ ሊል ተከትሏቸው ከባጃጆቹ አጠገብ ቆመ። ቢረግሙት፣ ቢሰድቡት፣ በያዙት ጃንጥላ ቢሉት ይሻለው ነበር። እሳቸው ደብተሩን መልሰው በፌስታል እየጠቀለሉ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ አሁን ያ ማሽን ዳነ?»

«ድኗል እናቴ» አለ፣ እንባው እየመጣ። «ከእንግዲህ አይሞትም።»

«እሰይ» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ከልባቸው። «ሌላው ሰው እንኳ እንደ እኔ አይጉላላ።»

ከዚያ በሚኒባሱ ወደ አዘና ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ፀጋው ማሽኑን ከፍቶ የሚጠረግ ፈለገ። ምንም አልነበረም።