እንደ ሽሮፕ የተናጠው ደም

እናቴ ቁርጡን ነግራኛለች። ልብስ ስፌት ጀምሬ ተውኩ፤ ኮምፒውተር ጥገና ጀምሬ ተውኩ። «ይሄንን ላቦራቶሪ ደግሞ ከተውሽ ሁለተኛ ስለ ትምህርት እንዳታነሺብኝ! ከአክስትሽ ጋር ሱቅ ትቆሚያለሽ» አለችኝ። አክስቴ ሱቅ እንኳን ሰው ዝንብም ሳትሰደብ አትውልም። ስለዚህ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ «አምስት ቀን ሥራውን እዪ፤ አርብ ከተስማማን ለሥልጠናው እንመዘግብሻለን» ሲለኝ፣ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ እንደ ሙሽራ ተጀነንኩ።

ወይ መጀነን! እኔ እኮ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ አዲስ በሽታ የማገኝ መስሎኝ ነበር። ሦስቱን ቀን የዋልኩት ሰገራ በያዘ ዕቃ ላይ ቁጥር ስለጥፍ ነው። አንዱማ የጃም ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቶ አመጣና «ካነሰ እጨምራለሁ» አለን። ደግ ሰው!

በአራተኛው ቀን ግን አንዲት ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ያን ሁሉ ክብ ክብ ነገር ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በቃ፣ ወደድኩት።

ያሳዩኝ የላቦራቶሪው ኃላፊ እትዬ ጠብታ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው አንዲት ጠብታ ስትባክን ካዩ ቀኑን ሙሉ ስለሚነዘንዙ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ጥቁር ስልክ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ አልሰማሁም፤ እሱም የሚፈራቸው መስሎኝ ነበር።

አርብ ጠዋት አንድ ወፍራም የአውቶቡስ ሹፌር ለምርመራ መጣ። እትዬ ጠብታ ደሙን ቀዱና ቱቦውን ሰጡኝ። «ቀስ እያልሽ ስምንት ጊዜ ገልብጪው» አሉኝ። ቀስ ማለት መቼ ያውቅልኛል! እናቴ የሳል ሽሮፕ ስትሰጠን እንደምትንጠው እንደ ጉድ ናጥኩት።

ደሙ ረግቶ፣ ተሽከርክሮ፣ ማሽን ገብቶ ውጤቱ ወጣ። እትዬ ጠብታ ወረቀቱን አነበቡ።

«ፖታሲየሙ ልብ የሚያቆም ነው። በዚህ ወረቀት መሠረት ሰውዬው ሞቷል።»

ሟቹ ከመስኮቱ ወዲያ ብስኩት እየበላ ከወረፋ አስከባሪው ጋር ይጨቃጨቃል።

«ናሙናው ላይ የተደረገ ነገር አለ?» አሉ ሳያዩኝ።

ቱቦዎቹን አየሁ። የሌላው ሰው ሁሉ ደም ከላይ ያቀረረው ውሃ ቢጫ ነው፤ የሹፌሩ ቀይ! የናጥኩት ነገር ትዝ አለኝ።

«ምንም» አልኩ።

«እንግዲያው ለሐኪሙ ልደውል። አስተኝቶ መድኃኒት ይጀምርለት።» ጥቁሩን ስልክ አነሱ።

ብናገር ሱቅ ነው። ዝም ብል ደህናውን ሰውዬ አልጋ ላይ አጋድመው ሊወጉት ነው። ሹፌሩ ከመስኮቱ ወዲያ ከት ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ኧረ እኔን ይድፋኝ!

«እትዬ፣ ይተዉት! እኔ ነኝ! እንደ ሽሮፕ ናጥኩት!» ብዬ ጋዋኔን ማውለቅ ጀመርኩ።

እትዬ ጠብታ መጥተው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉት። ጭጭ።

«ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ። «ውሃው መቅላቱን ገና ከማሽከርከሪያው ሳወጣው አይቻለሁ፤ የተናጠ ደም ተሰባብሮ ውሃውን ያቀላል፣ ፖታሲየሙንም ያንራል። መናጡን እኔም ስጀምር ንጬ ነበር። ‹ምንም› ብላ የምትቀር ግን እዚህ አትቀመጥም። ትንሽ ዘገየሽ።»

ዕንባዬ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል? ሰኞ በሁለት ሰዓት ለሥልጠናው ነይ። አሁን ውጪና ለሟቹ አንቺው ንገሪው።»

ወጣሁ። «ጋሼ፣ ደግመን ልንቀዳዎት ነው።»

«የመጀመሪያውን ምን አደረጋችሁት፣ ጠጣችሁት?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ገላመጠኝና የሌላኛውን ክንዱን እጅጌ ሰበሰበ። እትዬ ጠብታ ቀድተው ቱቦውን ሰጡኝ። እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ሹፌሩ ዓይኑን ከእጄ ላይ ሳይነቅል ጮክ ብሎ አብሮኝ ቆጠረ። ስምንት ላይ ስንደርስ ቱቦውን በጣቱ እያመለከተ ጮኸ፦

«በቃ! ከዚህ በኋላ እንዳትነኪኝ!»