የእትዬ ፈንታነሽ የቁም ተዝካር

እትዬ ፈንታነሽ በዚያ አገር የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ መምህርት ናቸው። የተሾሙ ሰሞን ወላጆች ቢሮ ይገቡና ከፊታቸው ቆመው «ርዕሰ መምህሩ መቼ ይመጣል?» ይሏቸው ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ሊድር የሚመጣን አባት ሁሉ ሲለምኑና ሲቆጡ ነው።

ክረምት ሲገባ ጡረታ ይወጣሉ። የሚያንገበግባቸው የጋፋቱ ገበሬ የሙላቴ ልጅ ሰላማዊት ናት። ሙላቴ አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ ላይድራት ቃል ገብቷል፤ ግን «ቃሌን የሰጠሁ ለእርስዎ ነው። እርስዎ ሲወጡ ቃሌም አብሮ ይወጣል» ይላል። ልጅቷ ገና ዘጠነኛ ናት።

በዚህ መሃል የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መልካሙ ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ። ትምህርት ቤቱን በስማቸው ሊሰይሙት ፈልገዋል፤ ደንቡ ግን በሕይወት ላለ ሰው አይፈቅድም።

«እንግዲህ እትዬ» አለ መልካሙ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መቸም አንቸኩልብዎትም።»

እትዬ ፈንታነሽ ትንሽ አሰቡ። «ሰኔ ቢሆን ይስማማችኋል?»

የቁም ተዝካር ደገሱ። ልጅ የሌለው ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ማውጣቱ በአገሩ ያለ ነው፤ እሳቸውም አልወለዱም። ካህናቱ ጸለዩ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሟች እየዞሩ «ብሉ እንጂ» አሉ። ኮሚቴውም ተዝካሩ የወጣለትን ሰው በሕይወት አለ ማለት ካህናቱን መድፈር ነው ብሎ ወሰነ። ስማቸው የተጻፈበት ታፔላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። ሰዉ «ክብር ፈልገው ነው» ብሎ አማቸው።

መስከረም ላይ ሙላቴ ልጁን ሊወስድ መጣ። እትዬ ፈንታነሽ ታፔላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወጥተዋል አይደል እትዬ፤ ቃሌም አበቃ።»

«አልወጣሁም። ሞቻለሁ።»

«ምነው እትዬ፣ ይቀልዱብኛል?»

«ተዝካሬን በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ጠላውንስ?»

«ጠጥቻለሁ።»

«እንግዲያ ቃልህ የሙት አደራ ሆኗል። በቁሜ ብትክደኝ ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር። አሁን ማን ያስታርቅሃል?»

ሙላቴ ሴትዮዋን አየ፤ ታፔላውን አየ። ሲበላ አገር አይቶታል፤ የሙት አደራ በላ መባልን ደግሞ ከምንም በላይ ይፈራል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስዎን ይማር እትዬ» አለና ብቻውን ወደ ጋፋት ተመለሰ።

«አሜን» አሉ።

ሰላማዊት ደብተሯን ታቅፋ በሩ ላይ ቀርታለች።

«ደወል ተደውሏል፤ ግቢ» አሏት። በሕይወት ሳሉ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።