አንድ ጨምሪ

በወተት ፋብሪካው አባ በረዶ ሲባል የማያውቀው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ማሽን የጠበቀ፣ ጠዋትና ማታ የግፊት መለኪያ ጌጆቹን ቁጥር ደብተሩ ላይ የሚያሰፍር ሜካኒክ ነው። ልጁ መሐንዲስ ሆና እዚያው ስትቀጠር ደስታውን የሚያስቀምጥበት አጣ። ጓደኞቹማ «እንግዲህ አለቃህ እቤትህ ነች፤ ካረፈድክ እራት የለህም» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

የልጅቷ የመጀመሪያ ሥራ ያንኑ ማሽን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስነሳት ነበር፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። ወደ ላይ ግፊቱን፣ ወደ ጎን ጋዙ የተሸከመውን ሙቀት፣ መሐንዲሶች ኤንታልፒ የሚሉትን፣ አድርጋ ግራፍ ትሥላለች። የማሽኑ ዑደት አራት ማዕዘን የመሰለ ምስል ይሠራል፤ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ምስሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። የአባቷን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስገባች። ምስሉ ከቦታው ወርዶ ተንጋደደ። ማሽኑ ጋዝ ጎድሎታል ማለት ነው።

«ጋዙማ ሙሉ ነው» አለ አባቷ እሑድ ምሳ ላይ። «ቧንቧው ላይ ባለው መስታወት አይቼዋለሁ፤ ቢጎድል አረፋ ይታይ ነበር፤ አንዲት የለችም።»

«አባዬ፣ ግራፍ አይዋሽም።»

አባቷ ግራፉን ያተመችበትን ወረቀት ይዞ ተነሣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥቶ በሯን አንኳኳ።

«ልጄ፣ አንዲት ነገር ላሳይሽ ነበር።»

«ነገ፣ አባዬ። ለነገው ስብሰባ እየተዘጋጀሁ ነው።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት» ብሎ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ግራፉን ግድግዳ ላይ አብርታ ለሥራ አስኪያጁ አስረዳች። ሰውየው በደስታ ወደ አባቷ ዞረ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ታኮራለች። ግን ጋዙ ሲጎድል ሳያዩ ነው እንዴ ቁጥሩን የሚጽፉት? ወይስ ዓይንዎ ደከመ?»

አባ በረዶ ደብተሩን ብብቱ ሥር እንደያዘ ልጁን አያት። ለዚህ ቀን ብላ የገዛችውን አዲስ ኮት ለብሳ፣ ፊቷ በርቶ ቆማለች።

«ዓይኔ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ደብተሩን አልከፈተም።

ልጅቷ አዘነችለት። እውነቱን ለመናገር ግን ከሐዘኑ ይልቅ ኩራቱ ይበልጥ ነበር። በሳምንቱ «ይረፉ» ተባለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ቤት መዋል እንዴት ይሆንለታል? ቅስሙ ተሰብሮ፣ አራት ወር እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ልቡ መሆኑንስ ማን አጣው!

ማሽኑ ደግሞ በልጅቷ ግራፍ መሠረት ጋዝ ከተጨመረበት ወዲህ ግፊቱ እያሻቀበ በየጊዜው በራሱ መቆም አመጣ። አዲሱ ሜካኒክ የድሮውን መዝገብ ሲጠይቃት ደብተሩን ከአባቷ ሣጥን አወጣች። መጨረሻው ገጽ ውስጥ ያ ያተመችው ግራፍ ታጥፎ ተቀምጧል። በላዩ ላይ አባቷ በማስመሪያና በእርሳስ ሌላ ምስል ሥሎበታል። ከሥሩ የዚያን እሑድ ቀን አስፍሮ እንዲህ ብሏል፦ «ልጄ፣ ጌጅ የአየሩን ግፊት አይቆጥርም፤ ከማሽኑ ፈትተሽ ብታስቀምጪው ዜሮ ነው የሚልሽ። ኮምፒውተርሽ ግን አየሩንም ይቆጥራል፤ የአየሩ ግፊት በጌጁ ሚዛን አንድ ያህል ነው። በየቁጥሩ ላይ አንድ ጨምሪ።»

ክው ብላ ቀረች። ትምህርት ቤት ገና ስትገባ የተማረችው ነገር ነው። ኮምፒውተሯን ከፍታ በየቁጥሩ ላይ አንድ ጨመረች። አዲሱ ምስል ቦታ ቦታውን ይዞ ከአባቷ የእርሳስ መስመር ጋር ልክ ገጠመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ደብተሩን ታቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በነጋታው የአባቷን ወረቀትና ያተመችውን አዲስ ምስል የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። «ስህተቱ የኔ ነው። ጋዙ ሙሉ ነበር፤ አባቴ ትክክል ነበር።»

ሰውየው ወረቀቶቹን አገላበጠ። «ታዲያ ምነው ያኔ አንድ ቃል ቢናገሩ?»

«ሊነግረኝ መጥቶ ነበር» አለች። «ነገ ያልኩት እኔ ነኝ።»