በር ያለው የመቃብር ድንጋይ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደራሲው ኡልታን ክሬግ ድንጋይ ጠራቢውን ፊንባርን መጽሐፍ ውስጥ ከከተተው ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ያውም አንድ ገጽ ብቻ። አንድ ሰካራም ግንበኛ ዙሪያውን ግንብ ሲያቆም ይውልና፣ በር መተውን ረስቶ እውስጡ ይቀራል፤ የአገሩ ሰው ዳቦና ድንች በግንቡ ላይ እየወረወረ ይቀልበዋል። ስሙ አልተጠቀሰም። መጠቀስም አላስፈለገውም፤ ፊንባር በጎረምሳነቱ ላም የማታልፍበት በር ያለው በረት መሥራቱን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ከመጠጥ ቤት ሊወጣ በተነሳ ቁጥር አንዱ፣ "ፊንባርዬ፣ በሩ በዚያ በኩል ነው" ይለዋል።

እሱ መጽሐፉን አላነበበም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ መዶሻ ለጨበጠ ሰው መጽሐፍ የሚያውስ የለም፤ ስድቡን ግን እደጁ ድረስ ያደርሱለታል።

በመጋቢት አንድ ረፋድ፣ ካፊያው እንደ ልማዱ ሲወርድ፣ ኡልታን ከዘራውን ተደግፎ ፊንባር ግቢ መጣ። ካፖርቱ ያው የድሮው ነው፤ ለባሹ ግን አልቋል።

"ምን ልታዘዝ?" አለ ፊንባር መዶሻውን ሳያስቀምጥ። "እርስዎ በዚህ በኩል አይታዩም።"

"እርስዎ? በአንድ አርጩሜ ተገርፈን አድገን ዛሬ እርስዎ ሆንኩ?"

"ትልቅ ሰው ሆነዋላ።"

"እያነስኩ ነው እንጂ። ሐኪሙ ብትቆይ ድንቹ እስኪቆፈር ነው ብሎኛል። የመቃብር ድንጋይ ላዝህ ነው የመጣሁት።"

ፊንባር እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። "ምን ይጻፍበት?"

"የፈለግከውን። እኔ አንድ ገጽ ጽፌብሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ድንጋይ ሙሉ ጻፍብኝ። ውሸታም በል፣ ፈሪ በል፣ አላርምህም። የኔ ወረቀት ነው፣ አይጥ ይበላዋል፤ ያንተ ሦስት መቶ ዓመት ቆሞ ይሰድበኛል።" ሊሄድ ዞረ። "ደግሞ እዚህ አገር መጽሐፍ የሚያነብ የለም። መቃብር ግን ሁሉም ያነባል።"

ፊንባር በካፊያው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ሐዘንተኛ ውሸት ሲያስጠርበው ኖሯል፤ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን "ርኅሩኅ"፣ ለድመት እንኳ ወተት የነፈገችውን "ለጋስ" ብሎ ጠርቧል። ስሙን ለጠላቱ መዶሻ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ግን አይቶ አያውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ በጠመኔ ሲጽፍ ሲያጠፋ ሰነበተ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ያላመጥከው ስድብ የት ገባ?" አለችው እህቱ ኑአላ።

"ጻፍኩት። ድንጋዩ ላይ ሳየው አነሰብኝ።"

"እስቲ መጀመሪያ እሱ ያለህን አንብብ፣ አንተ ግትር።" መጽሐፉን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችው።

ፊንባር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሰካራሙም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም አለ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ ማንም ያልነገረው ነገር ነበር። ግንበኛውን ሊያወጡ ሰባት ጎረምሶች ዲጂኖ ይዘው መጡ፤ ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ መርፌ የሚያስገባ ስንጥቅ አጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንቡ ሥር ቆሙ፤ እንዲህ ያለ እጅ አይተው አያውቁምና።

ደግሞ አነበበው። መጠጥ ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት የሳቀው በግማሽ ገጽ ነው።

በሰኔ ኡልታን በሰው ተደግፎ መጣ። ፊንባር ጆንያውን ከድንጋዩ ላይ ገፈፈ። የኡልታን ስም ነበር፤ ከሥሩ ገርበብ ያለች አንዲት ጠባብ በር። ሌላ ምንም የለም።

"ላም አታልፍባትም" አለ ኡልታን።

"አንተ ታልፋለህ። ከስተሃል።"

ኡልታን በሳቅ ሳለ። "እጀታ የላትም?"

"በውስጥ በኩል አድርጌልሃለሁ። እኔ በር ማጣት እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።"

ኡልታን ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ አውራ ጣቱን በበሯ ጠርዝ ላይ ቀስ እያደረገ አስኬደ፤ መርፌ የምታስገባ ስንጥቅ ሲፈልግ ቆየ።